ለባለ 4 ሜትር ቴሌስኮፕ ቦታ እንዴት ይመረጣል? ከእንጦጦ ቀጥሎ የት?

አራት_ኪሎ_ጣራ ጻፈ፦
ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ማታ ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው ግን ችግሩን በዓይኑ ያየዋል። በኮሪደር ልማቱ የበዛው ነጭ መብራት ከጋራው በላይ ያለውን ሰማይ ሳይቀር አንጥቶታል። ወደፊት ትልቅ ቴሌስኮፕ፣ ለምሳሌ ባለ 4 ሜትር፣ ይተከል ቢባል ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ነው። ቶሎ የሚነሡት ስሞች ራስ ደጀን (4,550 ሜትር)፣ የባሌው ቱሉ ዲምቱ (4,377) እና ላሊበላ አጠገብ ያለው አቡነ ዮሴፍ (4,260 ገደማ) ናቸው። ከፍታው የበለጠውን መምረጥ ነው ወይስ ሌላ መለኪያ አለ? ምን ይለካል፣ በምን መሣሪያ፣ ለስንት ጊዜ?

ፍኖተ_ሐሊብ መለሰ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ መነሻህን ግን ከፍታ አታድርገው። የሃዋዩ ማውና ኬአ ኦብዘርቫቶሪ 4,205 ሜትር ላይ መሆኑ እውነት ነው። አራቱ ባለ 8.2 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉበት የቺሊው ፓራናል ግን 2,635 ሜትር ነው። በስፔኗ ደሴት በላ ፓልማ ያለው ሮኬ ዴ ሎስ ሙቻቾስ 2,396 ነው። ሳልት የተባለው የደቡብ አፍሪካው ትልቅ ቴሌስኮፕ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አራት ኪሎ ራሱ ከሱ ከፍ ይላል።

ከፍታ የሚሰጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ የውሃ ተን ይቀንሳል፤ ይህ በዋናነት ለኢንፍራሬድ ሥራ ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ ጢስ፣ አቧራና ዝቅተኛ ደመና ታምቆ ከሚቀርበት የአየር ንብርብር በላይ ያወጣል። ማውና ኬአ፣ ላ ፓልማና ፓራናል በዚህ የታደሉ ናቸው፤ ነፋሱ ለረጅም መንገድ በውቅያኖስ ላይ ተንሸራቶ ሳይታወክ ይደርሳቸዋል። የእኛ ተራሮች ግን የቆሙት በአምባ ላይ ነው። ቀን የጋለው አምባ አየሩን ይዞት ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ 4,000 ሜትር ጫፍ በ3,500 ሜትር አምባ ላይ ከቆመ፣ ለከባቢ አየሩ የ500 ሜትር ኮረብታ ማለት ነው። ካርታ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት የጫፉ ቁመት ሳይሆን በ10 እና በ20 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ካለው መሬት በስንት እንደሚበልጥ፣ ገደሉም ነፋስ በሚመጣበት በኩል መሆን አለመሆኑ ነው።

ዋናው መመዘኛ ሲይንግ ነው፤ የኮከቡ ምስል በአየር መናወጥ ስንት አርክ ሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል) እንደሚሰፋ። በጋለ ምጣድ ላይ እንደሚርገበገበው አየር፣ ሙቀታቸው የሚለያይ የአየር ኪሶች ብርሃኑን ያጣምሙታል። የሚለካው የፍሪድ ርዝመት በሚባለው፣ ብርሃኑ ብዙ ሳይታወክ በሚያልፍበት የአየር ስፋት ነው። በ500 ናኖሜትር ሞገድ ይህ ርዝመት 10 ሴ.ሜ. ከሆነ ሲይንጉ 1 አርክ ሰከንድ ያህል ነው፤ 15 ሴ.ሜ. ሲሆን 0.67፣ 20 ሴ.ሜ. ሲሆን 0.5 ይሆናል። ትልቅ ቴሌስኮፕ የሚገባው ቦታ አማካዩ ከ0.8 የማይበልጥ ነው።

ይህ ቁጥር ለምን ይከብዳል? ለደብዛዛ ኮከብ የቴሌስኮፑ አቅም የመስታወቱ ዲያሜትር ለሲይንጉ ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ይወሰናል። ሲይንጉ 0.7 በሆነበት የተተከለ ባለ 2 ሜትር እና 1.4 በሆነበት የተተከለ ባለ 4 ሜትር እኩል ይሠራሉ። ቦታ ሳይለካ መስታወት የሚያዝዝ ግማሹን መስታወት ከፍሎበት ይጥለዋል።

ነጭ_ደመና ጻፈች፦
ፍኖተ_ሐሊብ ስለ ሲይንግ ያልከው ልክ ነው፤ ለአገራችን ግን ከሱ በፊት የሚቀድም ወንፊት አለ፦ ደመና። ሲይንግ ለመለካት ተራራ ላይ መሣሪያ መትከል ያስፈልጋል፣ ደመናን ግን ከቢሮ ሳይወጡ በሳተላይት መዝገብ ማጣራት ይቻላል። ዕጩዎቹን ከ10 ወደ 3 የሚያወርደው ይህ ነው።

በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ የቆመው ሜቲዮሳት አገራችንን ከሞላ ጎደል ከራስ በላይ ሆኖ በየ15 ደቂቃው ያነሣታል። የሚፈለገው የ10.8 ማይክሮሜትር ኢንፍራሬድ ምስሉ ነው። አኳ የተባለው ሳተላይትም እስከ እ.ኤ.አ. 2021 ድረስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ እየዘገየ ሄዷል። በአኳ ብቻ የሚተማመን ግን ይሳሳታል፤ በሌሊት የሚያየው አንድ ጊዜ ነው፣ በምሽት ተነሥቶ በ6 ሰዓት የሚጠራውን ወይም ጎሕ ሲቀድ የሚወጣውን ጉም አይቆጥርም።

ሌላ ወጥመድ አለ። የሳተላይቱ አንድ ነጥብ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ሸለቆው በጉም ሞልቶ ጫፉ ጥርት ብሎ ቢወጣ ሳተላይቱ "ደመና" ብሎ ይመዘግበዋል። መፍትሔው የደመናውን ጫፍ ሙቀት ከተራራው ጫፍ ሙቀት ጋር ማነጻጸር ነው፤ ደመናው ከጫፉ ከሞቀ ከታች ነው ማለት ነው። የጫፉን ሙቀት ከኢአርኤ5 የአየር መዝገብ ስትወስዱ የምድር ገጹን ሳይሆን የ600 ሄክቶፓስካል የአየር ግፊት ደረጃን ውሰዱ፤ ይህ በእኛ ኬክሮስ 4,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መዝገቡ አገሩን እያንዳንዱ ጎናቸው 31 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ካሬዎች ስለሚከፍል ተራራዎቹን ደልድሎ አሳጥሯቸዋል፤ "የምድር ገጽ" የሚለው ከእውነተኛው ጫፍ በጣም ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

ቢያንስ የ10 ዓመት መዝገብ ይታይ። አንድ በጋ አታላይ ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ። ባሌ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ አያጣውም፤ ጥርት ያለው ወቅት አጭር ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ዝናቡ ወደ ክረምት ይሰበሰባል፣ በልግም እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ በደመና ብቻ ቢሆን ከአቡነ ዮሴፍ ወደ ስሜን ያለው አገር ይመረጣል። በምሥራቁ የአፋፍ መስመር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ከቆላ የሚወጣው እርጥብ አየር አፋፉን ሲነካ ጉም ይሆናል። ጣርማ በርን በመኪና ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የማያሰላው ደግሞ ይኸ ነው። ጥርት ያሉት ሌሊቶች ስንት ናቸው ብቻ ሳይሆን፣ በእነሱ ጊዜ የትኛው ሰማይ ከራስ በላይ ነው? የጋላክሲያችን የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል ከፀሐይ ትይዩ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ የሚታየው በሰኔ ነው፤ በእኛ ክረምት ሲገባ። በኅዳርና በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ላይ የምናገኘው ታውረስን፣ ኦሪዮንንና አካባቢያቸውን ነው። በዓመት 200 ጥሩ ሌሊት ያለው ቦታ ሌሊቶቹ ሁሉ በአንድ ወቅት ከተከማቹ፣ የሰማዩን ግማሽ በደንብ፣ ግማሹን በቁንጽል ያያል። የሳይንሱ ዕቅድ ከዚህ ጋር መታረቅ አለበት።

አራት_ኪሎ_ጣራ ጻፈ፦
እህቴ ነጭ_ደመና፣ በጣም አመሰግናለሁ። የባሌው ቱሉ ዲምቱ መኪና መንገድ ጫፉ ድረስ ስላለው ብዙዎች የሚደግፉት ይመስለኛል። በኬክሮሳችን ምክንያት ሁለቱንም የሰማይ ንፍቀ ክበብ እናያለን የሚባለውስ? የብርሃን ብክለቱስ ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ሲራቅ ይቀራል?

ጅብራ_4000 ጻፈ፦
የኬክሮሱን ላስቀድም። በ9 ወይም በ12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ቆሞ ሁሉንም አያለሁ ማለት በወረቀት ላይ ልክ ነው። በተግባር ከዜኒት (በቀጥታ ከራስ በላይ ካለው ነጥብ) ከ60 ዲግሪ በላይ ዝቅ ብሎ ጥሩ ሥራ አይሠራም፤ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ከእጥፍ በላይ ስለሚሆን። ከአዲስ አበባ ኬክሮስ ሲሰላ ከደቡብ 51 እስከ ሰሜን 69 ዲግሪ ዲክሊኔሽን (የሰማይ ኬክሮስ) ማለት ነው። ትልቁ የማጄላን ደመና የተባለው ጎረቤት ጋላክሲ በደቡብ 69 ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ በላይኛው ነጥቡ እንኳ ከአድማስ 12 ዲግሪ ብቻ ይነሣል፤ ከአቡነ ዮሴፍ 9። በዝርዝራችን ውስጥ የማጄላን ደመናን መጻፍ ይቅር። የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል ግን 52 ዲግሪ ይወጣል፤ ክረምቱ ባይኖር ግሩም ነበር።

ብርሃኑን በተመለከተ የዎከር ሕግ ለመነሻ ይበቃል፦ የሕዝብ ብዛቱን በ0.01 አባዙ፣ ከዚያ በኪሎ ሜትር ርቀቱ 2.5ኛ ኃይል አካፍሉ። የሚገኘው በከተማው አቅጣጫ፣ በ45 ዲግሪ ከፍታ፣ ሰማዩ ከተፈጥሮው ምን ያህል እንደሚደምቅ ነው። አዲስ አበባን 4 ሚሊዮን ብንላት በ50 ኪሎ ሜትር ከተፈጥሮው ሌላ 2.3 እጥፍ ይጨመራል። በ100 ኪሎ ሜትር 40 በመቶ፣ በ175 ኪሎ ሜትር 10 በመቶ። ለትልቅ ኦብዘርቫቶሪ እንደ ጣሪያ የሚወሰደው 10 በመቶ ነው። ሕጉ የተወሰደው ከአሜሪካ ከተሞች የቆየ መብራት ስለሆነ ውጤቱን እንደ ግምት እንጂ እንደ ልኬት አትያዙት።

አሁን ከዚያው ሕግ የሚወጣውን ሌላ ነገር እዩ። 20 ሺህ ሰው ያላት ትንሽ ከተማ በ12 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስትሆን የምታደምቀው እንዲሁ 40 በመቶ ነው። ማለትም አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ርቃ ካለችው አዲስ አበባ ጋር እኩል ትጎዳለች። አቡነ ዮሴፍ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የሚያሰጋው የላሊበላ መብራት ነው። ይህ ደግሞ በስምምነት ሊታረም ይችላል፦ ብርሃን ወደ ላይ የማያፈስ ሙሉ ክዳን ያለው መብራት፣ ቀለሙ ከ3,000 ኬልቪን ያልበለጠ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚቀንስ። ስምምነቱ መፈረም ያለበት ቦታው ከመመረጡ በፊት ነው፤ በኋላ የሚፈርም አይገኝም።

የሳተላይት የብርሃን ካርታ ሲታይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቪርስ የተባለው ካሜራ ከ500 እስከ 900 ናኖሜትር ነው የሚያየው። ነጭ ኤልኢዲ ብዙ ሰማያዊ ብርሃን አለው፣ ካሜራው ያንን አያይም። አንድ መንገድ ከቢጫ ሶዲየም ወደ ነጭ ኤልኢዲ ሲቀየር ካርታው "ጨለመ" ሊል ይችላል፤ ሰማዩ ግን የባሰ ደምቋል። ስለዚህ በመሬት ላይ የሰማይ ጥራት መለኪያ ይዞ መውጣት የግድ ነው። ጨረቃ በሌለችበት፣ ፍኖተ ሐሊብ ከራስ በላይ ባልሆነችበት ሰዓት ይነበብ። 21.7 ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጨለማው ይበልጣል) በካሬ አርክ ሰከንድና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፤ የከተማ መሀል ከ17 እስከ 18 ነው።

አራት_ኪሎ_ጣራ ጻፈ፦
የሲይንግ መለኪያው ዲም የሚባለው ነው አይደል? ራሳችን መገጣጠም እንችላለን? ያነበብኩት መመሪያ የሰሜን ኮከብ ላይ አነጣጥሮ መተው ይበቃል፣ ኮከቡ ስለማይንቀሳቀስ መከታተያ ሞተር አያስፈልግም ይላል።

ፍኖተ_ሐሊብ መለሰ፦
አዎ ዲም ነው፤ መገጣጠምም ይቻላል። የሰሜን ኮከቡ ምክር ግን ለአውሮፓ እንጂ ለእኛ አይሠራም። ከአዲስ አበባ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ላይ ነው፤ ብርሃኑ ከዜኒት ሲመጣ ከሚያቋርጠው አየር ከ6 እጥፍ በላይ ያቋርጣል። እዚያ የሚለካው ተራራው ሳይሆን በስተሰሜን ያለው አገር ሁሉ ነው። ስለዚህ የሚከታተል መቆሚያ ግዴታ ነው፤ መቆሚያውም በሰሜን ኮከብ ሳይሆን በድሪፍት ዘዴ፣ ኮከቡ በምስሉ ላይ ወዴት እንደሚንሸራተት እየታየ ይስተካከል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 28 ሴ.ሜ. ዲያሜትር ያለው ቴሌስኮፕ አፉ ላይ ክዳን ይደረግለትና በክዳኑ ላይ እያንዳንዳቸው 6 ሴ.ሜ. የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች፣ ከመሀል እስከ መሀል 20 ሴ.ሜ. ተራርቀው ይበሳሉ። በአንዱ ቀዳዳ ላይ ቀጭን ፕሪዝም ይለጠፋል። አንዱ ኮከብ በካሜራው ላይ ሁለት ሆኖ ይታያል። የሚለካው የሁለቱ ምስሎች መራራቅ ከፎቶ ፎቶ እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው። ነፋስ ቱቦውን ቢነቀንቀው ሁለቱም አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ስሕተቱ ይሰረዛል፤ የመሣሪያው ውበት እዚህ ላይ ነው።

የፎቶው ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ይሁን። አንዴ በ5፣ አንዴ በ10 እያፈራረቁ ማንሣት ይሻላል፤ ጊዜው ሲረዝም ምስሉ መንቀጥቀጡን አማካይ አድርጎ ይሸፍነውና ቦታው ከእውነቱ የተሻለ ይመስላል። ከሁለቱ ጊዜዎች ልዩነት ወደ ዜሮ ሚሊሰከንድ መልሶ ማስላት ይቻላል። ለአንድ ንባብ ቢያንስ 200 ፎቶ ያስፈልጋል። ትኩረቱ በትንሹ ከተዛባ ንባቡ ይዛባል፤ ሌሊት ሙቀቱ ሲወርድ ቱቦው ስለሚያጥር በየሰዓቱ መፈተሽ አለበት። ኮከቡ ከ2ኛ ማግኒቲዩድ የደመቀና ከዜኒት ከ45 ዲግሪ ያልራቀ ይሁን። በበጋ ሪጀል፣ ሲሪየስ፣ ፕሮሲዮንና ሬጉለስ ተራ በተራ አብዛኛውን ሌሊት ይሸፍናሉ። ካስተር ላይ ግን አታነጣጥሩ፤ ራሱ ድርብ ኮከብ ስለሆነ የምስሎቹን መሀል ያዛባል። ሁሉም ንባብ በዜኒት ማዕዘን ወደ ከራስ በላይ ተቀይሮ ይመዝገብ፤ ይህን የሚዘነጋ ሰው በቀኝና በግራ ያሉ ተራራዎችን ማወዳደር አይችልም።

የዲሙ ቁመት ወሳኝ ነው። በመሬት ላይ በ1.5 ሜትር ብታቆሙት የሚለካው ከጓሳው ሣርና ከድንጋዩ የሚነሣውን የቀዘቀዘ አየር ነው። ትልቁ ቴሌስኮፕ ደግሞ ከ10 ሜትር በላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ዲሙ ከ5 እስከ 6 ሜትር ማማ ላይ ይውጣ፤ ሰውየው የሚቆምበት መድረክ የዲሙን ምሰሶ እንዳይነካ ተለይቶ ይሠራ። ጎን ለጎን በሌላ ምሰሶ ላይ በ2፣ 5፣ 10 እና 20 ሜትር ፈጣን ቴርሞሜትሮች ቢሰቀሉ የምድር ንብርብሩ ስንት ሜትር ላይ እንደሚያልቅ ይታወቃል። የሕንፃው ቁመት የሚወሰነው ከዚያ ነው።

የሚለካበት ጊዜ ከ2 ዓመት እንዳያንስ። የበጋውን ብቻ ለክቶ "ቦታው 0.7 ነው" ማለት ለገንዘብ ሰጪው ጥሩ ሪፖርት፣ ለሳይንሱ ግን ጉዳት ነው።

ዋልካና_ድንጋይ ጻፈ፦
የሲቪሉን በኩል ልጨምር። ከሁሉ በፊት መስታወቱ እንዴት ይደርሳል? የዕቃ ኮንቴይነር የውስጥ ስፋቱ 2.35 ሜትር ነው። እስከ 2 ሜትር ያለ መስታወት ከጅቡቲ በተራ ኮንቴይነር ይገባል። 4 ሜትር አንድ ወጥ መስታወት ከነሳጥኑ 5 ሜትር ያህል ስለሚሰፋ በሎቤድ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየተነሣ ነው የሚሄደው፤ በየጠመዝማዛው ዳገት ላይ ኩርባው ይበቃል ወይ ተብሎ አስቀድሞ ይለካል። ሳልት 91 ባለ ስድስት ማዕዘን ቁራጮች የተገጠሙበት ነው፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር ያህል ነው። ለእኛ መንገድ የሚስማማው እንዲህ ያለው ይመስለኛል። ለመንገዱ ቁልቁለት 10 በመቶ እንዳያልፍ እመክራለሁ፤ በክረምት ጭቃ ላይ ከዚያ በላይ አይወጣም።

መሠረቱ። በእሳተ ገሞራ አገር የላዩ ባዛልት ጠንካራ ሆኖ ከሥሩ ሬድ አሽ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ 15 ሜትር ይቆፈር፣ ናሙናው ይውጣ። የቴሌስኮፑ ምሰሶና የሕንፃው መሠረት በምንም መልኩ አይነካኩ፤ በመካከላቸው 5 ሴ.ሜ. ያህል ክፍተት ይቀራል፣ በኮንክሪት ፍሳሽ እንዳይሞላም ይጠበቃል። እዚህ ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው፤ ኮንክሪት የሚያፈስሰው ሠራተኛ ክፍተቱን "ያልተሞላ ስሕተት" መስሎት ይደፍነዋል፣ ከዚያ የበር መዘጋት ሁሉ በምስሉ ላይ ይታያል።

የመሬት መንቀጥቀጥ አይረሳ። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው ማጀቴን አፍርሷል። ከእ.ኤ.አ. 2024 መገባደጃ እስከ 2025 መጀመሪያ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው እዚህ አዲስ አበባም ተሰምቷል። በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. በሃዋይ የተነሣው የማውና ኬአን ቴሌስኮፖች ሳይቀር ጎድቷል። ወደ ስምጥ ሸለቆው የቀረበ ጫፍ ሲመረጥ የዲዛይን ዋጋው ይጨምራል።

መብረቁ ደግሞ የየዓመቱ ጉዳይ ነው። ባዛልት ላይ አንድ የመሬት ዘንግ መቸንከር ምንም አይጠቅምም፤ ድንጋዩ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የመዳብ ሪባን በሕንፃው ዙሪያ ቀለበት ሆኖ ይቀበር፣ ቤንቶናይት በተባለው እርጥበት በሚይዝ ሸክላ አፈር ይሸፈን፣ ሁሉም ብረት በአንድ ነጥብ ይገናኝ። በሕንፃዎች መካከል የመረጃ መስመሩ መዳብ ሳይሆን ፋይበር ይሁን፤ መዳብ መብረቁን ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ካሜራ ይዞት ይገባል።

ነጭ_ደመና ጻፈች፦
ዋልካና_ድንጋይ፣ እናመሰግናለን። እኔ የምጨምረው ለምን ከ4,000 በታች ያሉትም መታየት እንዳለባቸው ነው። 4,200 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል 60 በመቶ ገደማ ነው። ማውና ኬአ ላይ ሠራተኛው የሚያድረው 2,800 ሜትር ላይ ነው፤ በቺሊ ላለው የሬዲዮ ኦብዘርቫቶሪ ለአልማም እንዲሁ፣ አንቴናዎቹ 5,000 ሜትር፣ ሰው 2,900። ጫፍና ማደሪያ በአንድ ሰዓት መንገድ ካልተገናኙ ሥራው አይዘልቅም። ለእኔ ከ3,000 እስከ 3,800 ሜትር ያለ፣ ገደሉ ሰፊ፣ ራሱን የቻለ ጫፍ ከቱሉ ዲምቱ ይበልጣል፤ ቱሉ ዲምቱ ከሳነቴ አምባ ብዙም አይነሣም።

መዝጊያ ሁኔታዎቹም ከአሁኑ ይቆጠሩ። ፓራናል ላይ ነፋስ 12 ሜትር በሰከንድ ሲያልፍ ወደ ነፋሱ አይነጣጠርም፣ በ18 ይዘጋል። ደመና የሌለበት ነገር ግን ነፋሱ 20 የሆነ ሌሊት የጠፋ ሌሊት ነው፤ በሳተላይት ስሌት ግን "ጥሩ" ተብሎ ይገባል።

ጅብራ_4000 ጻፈ፦
በከፍታው አልስማማም፤ ለኢንፍራሬድ ከታሰበ 4,000 ዋጋ አለው። በሌላው ግን እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ስሜን ከእ.ኤ.አ. 1978፣ ባሌ ከ2023 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናቸው። ጫፎቹ የግጦሽ መሬት፣ የጸበልና የገዳም ቦታም ናቸው። ማውና ኬአ ላይ የባለ 30 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ግንባታ ለዓመታት የተቋረጠው በመሣሪያ ጉድለት ሳይሆን ተራራውን ቅዱስ የሚሉት ሰዎች ስላልተስማሙ ነው። የመጀመሪያውን የ5 ሜትር ማማ ከማቆም በፊት የአካባቢው ሽማግሌዎችና የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ምን እንደሚተከል፣ መንገዱ በማን ማሳ እንደሚያልፍ ሰምተው መልስ መስጠት አለባቸው።

አራት_ኪሎ_ጣራ ጻፈ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚህ መሀል አዲስ አበባ ሆነን ዛሬ መጀመር የምንችለው ምንድን ነው?

ፍኖተ_ሐሊብ መለሰ፦
የደመናው መዝገብ ኢንተርኔት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እሱ ይጀመር። ሁለት ዲሞች ተገጣጥመው ደግሞ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ጣራ ላይ መፈተን ይቻላል። የጣራው ንባብ ራሱ ዋጋ የለውም፤ ቀን የጋለው ኮንክሪትና ቆርቆሮ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀት ይተፋል። ጥቅሙ ንጽጽሩ ነው፦ ሁለቱን ዲሞች 2 ሜትር አራርቃችሁ በአንድ ኮከብ ላይ ብዙ ሌሊት አሠሯቸው። ንባባቸው ከ10 በመቶ በላይ ከተለያየ ጥፋቱ በመሣሪያው ነው፤ ቀዳዳውን፣ ትኩረቱን፣ የካሜራውን ስኬል መርምሩ። ይህ ሳይስተካከል ወደ ሁለት ተራራ ከተላኩ የተራሮቹን ልዩነት ከመሣሪያዎቹ ልዩነት መለየት አይቻልም።

ሰዓቱን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን በዩቲሲ (በግሪኒች ሰዓት) ብቻ መዝግቡ። የጥበቃው ሰው "ከምሽቱ 3 ሰዓት ጉም ነበር" ብሎ ሲጽፍ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 21:00፣ በዩቲሲ 18:00 ነው። ኮምፒዩተሩ ግን 03:00 ብሎ ካነበበው ጉሙ ከእውነተኛው ሰዓቱ በብዙ ርቆ ይወድቃል። ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ ከሳተላይቱ ጋር አይገጥምም። በእጅ የሚሞላው ቅጽ ላይ የአገራችን ሰዓት ይኑር፣ አጠገቡ ግን ዩቲሲው ታትሞ የቀረበ ሠንጠረዥ ይለጠፍ፤ ጠባቂው ከሠንጠረዡ አይቶ ይገልብጥ እንጂ በጭንቅላቱ እንዲያሰላ አይጠየቅ።